በእንሰቶችሽ መካከል የተተከለው ችካል

ማርታዬ፣

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሾች በጓሯችን አራት ችካል ተክለው ሄዱ። ሁለቱ ያረፉት ከእንሰቶችሽ መካከል ነው።

ከተለየሽኝ ዛሬ ስምንት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ቤቱ ሲታይ እንደነበረ ነው። ቀይ ሻሽሽ ከበሩ ኋላ ተንጠልጥሏል። ያንቺን ወንበር ግን ባዶውን ማየት ስላቃተኝ የቆዩ ጋዜጦች እከምርበታለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰዎች እስከ በር ይሸኙኛል፤ ከበሩ ወዲህ ያለውን ብቻዬን እገባዋለሁ። ጋዜጣ የሚያመጣው አውቶቡስ ከቦዲቲ ደርሶ ጡሩምባውን ሲነፋ፣ እስካሁን ድረስ «መጣ» ልልሽ አፌን እከፍታለሁ።

ስለ ችካሉ ልንገርሽ። ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ሊሰፋ ነው። በእኛ ጓሮ ይለፍ ወይስ ከማዶ ባለው ባዶ መሬት የሚለው ገና አልተወሰነም። «ገና አልተወሰነም» ብዬ፣ የጋዜጣው ወኪል በመሆኔ፣ ዜናውን የላክሁትም እኔው ነኝ።

ህንዳዊው የታሪክ መምህር እኛ ቤት ምሳ የበላበትን ቀን አትረሺውም። ኢስጦኢኮች ስለሚባሉት የጥንት ግሪክ ፈላስፎች አጫወተን። ከእነሱ አንዱ ባሪያ ሆኖ የኖረ አንካሳ ሰው ነበር፤ ሰው በእጁ ያለውን በእጁ ከሌለው ለይቶ ይወቅ እያለ ያስተምር ነበር። ፍርዳችንና ሥራችን የእኛ ነው፤ ንብረት፣ ዝናና ዕድሜ ግን በሌላ እጅ ናቸው። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። አንቺ ቆጮ እየቆረስሽለት «ይህን ለማወቅ ግሪክ አገር መወለድ ያስፈልጋል እንዴ?» አልሽው። መምህሩ ጉርሻውን እስኪውጥ መሳቅ አቅቶት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ዱቦ ሆስፒታል በተኛሽ ጊዜ ሐኪሙ እውነቱን ነገረሽ። እኔ አልጋሽ ዳር ተቀምጬ ነበር። አንቺ ትንንሾቹን እንሰቶች ማን ፍግ እንደሚያለብሳቸው ጠየቅሽኝ። ልብሽ የደነደነ መስሎኝ ተቀየምኩሽ፤ ቅያሜዬን ሳልነግርሽም ቀረሁ። ለብቻሽ ታለቅሺ እንደነበር የነገረችኝ ካንቺ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ የነበረችው ሴት ናት፤ ያውም ከቀብርሽ በኋላ። መምህሩን ስጠይቀው እነዚያ ፈላስፎችም ሐዘንን አልከለከሉም አለኝ፤ ሐዘን እጃችሁን አይያዝባችሁ ነው ያሉት።

ባለፈው ክረምት ስለ እነሱ አንድ ጽሑፍ ጽፌ ወጣልኝ። ገና ያልመጣውን መከራ ዛሬ አትሸከሙ ብዬ አንባቢን መከርኩ። አዘጋጁ ከአዲስ አበባ የምስጋና ደብዳቤ ላከልኝ። ያ መካሪ ማክሰኞ ጠዋት ቆንጨራ ይዞ ጓሮ ገባ። ከገሱባ፣ ከእናትሽ ቤት፣ ተሸክመሽ ካመጣሻቸው ሰባት እንሰቶች ትልቁን ቆረጥኩት። መንገድ ሠሪ ከሚጥለው እኔ ልጣለው አልኩ። የትኛው እንሰት መቼ እንደሚቆረጥ የምትወስነው የቤቱ ሴት መሆኗን እዚህ አገር የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ።

ጎረቤታችን የጴጥሮስ እናት ድምፁን ሰምታ በአጥሩ ሽንቁር ገባች። የተጋደመውን ዞራ አየችው፤ ሥሩንም በጥፍሯ ጫር አደረገች።

«አንተ የጋዜጣ ሰው፣ ይህ እኮ ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። ማን አስቸኮለህ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ዶማ አምጣ አለችኝ። ያልደረሰ እንሰት ለመብል ባይሆን ሥሩ ለዘር እንደሚሆን እየነገረችኝ አስቆፈረችኝ። ሥሩን ሰነጠቀች፣ ልቡን ፈልፍላ አወጣች፣ አፈርና ፍግ ሞላችበት። ከችካሎቹ ወዲያ፣ በእሷ አጥር ሥር ቀበርነው። የእሷ ጓሮ እንሰቶችም አንቺ ከሰጠሻት ችግኝ እንደመጡ ያን ዕለት ነገረችኝ። አላውቅም ነበር። የበልግ ዝናብ ሲጥል ከዚያ ከአንዱ ሥር ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ይወጣል አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የቀሩትን ስድስቱን ፍግ አልብሻቸዋለሁ። አንድ ገጽ ማመልከቻም ጽፌ ለማዘጋጃ ቤቱ አስገባሁ፤ ከማዶ ያለው መሬት ባዶ መሆኑን ገለጥኩ፣ ሐዘኔን አልጻፍኩበትም። ከዚህ በላይ ያለው በእጄ አይደለም። ብቸኝነቱ ግን አልቀለለኝም ማርታዬ። ማታ ይህን ሁሉ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው የጻፍኩልሽ። ጓሮው ቢሄድም ቢቀርም፣ አንቺን ማስታወስ ከእኔ እጅ አይወጣም፤ ቃል የምገባልሽ ይህን ነው።

የመንገዱን ነገር የሚወስነው የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ የሚሰበሰበው በሚመጣው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ውሳኔውን ሰምቼ ለጋዜጣው የምልከው እኔ ነኝ። ወረቀቱን አዘጋጅቻለሁ፤ የመጀመሪያውን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ።