ታላቋ እያለች

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም 10ኛ ክፍል፣ አምስተኛ ክ/ጊዜ። የእንግሊዝኛ ፈሊጥ። ሰሌዳው ላይ «ስታምብሊንግ ብሎክ» ብዬ ጻፍኩ። አስረዳሁ፦ እንቅፋት ማለት ነው፤ ሰው የያዘውን ነገር ዳር እንዳያደርስ የሚያግደው ሁሉ። ምሳሌ ጠየቅኋቸው። አንዱ የመብራት መጥፋት ለጥናት አለ። ሌላው ጭቃው ለባጃጅ አለ፣ ተሳቀ። ከእንሴኖ የምትመላለሰው ልጅ ለሰውም ይባል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይባላል አልኳት። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳስተማርኩ እንጃ።

ማስታወሻዬ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ። እንቅፋቷ እኔ ነኝ። አንድ የእንሴኖ ወጣት ታናሽ እህቴን ሂክማን ፈልጎ ሽማግሌ ላከ። ትወደዋለች። አባዬ መለሳቸው። ታላቋ ሰሚራ እያለች ታናሿን አልድርም አለ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ሞልቶኛል፤ ጠያቂ የለኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ሂክማ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጭራሽ ቀሚሴን ተኩሳ ሰቅላልኛለች። አንጀቴን በላችው።

እማዬ ባል አግኝታልኛለች። ጉንችሬ ከተማ እህል የሚነግድ፣ ሚስቱ የሞተችበት። እሺ በይና እህትሽም ትለፍ አለችኝ። ሰውየውን አላውቀው። እምቢ ብል ሂክማ ቀረች፣ እሺ ብል እኔ አለቀልኝ። መፈናፈኛ የለኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13፣ ከጁምዓ በኋላ

ሽማግሌዎቹ ነገ ይመለሳሉ። የመጨረሻቸው ነው። አባዬ እምቢ ካለ ለልጁ ሌላ ሊያጩለት ነው። ሂክማ ምሳ አልበላችም።

ሽማግሌ ሲመጣ የቤቱ ልጅ ጓዳ ነው የምትሆነው፣ ሳሎን ዝር አትልም። እኔ ግን እገባለሁ። ያለው ይበል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፣ 10 ሰዓት

ገባሁ። አባዬ፣ እኔን አትጠብቁ፣ ሂክማን ስጧቸው፣ ወላሂ አልቀየምም አልኩ። ቀና ብሎ አላየኝም። ትልቁ ሽማግሌ ከልቤ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። አባዬ ፈቀደ። ዱዓ ተደረገ። ሂክማ ጓዳ ውስጥ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ደስ አለኝ፣ የእውነት ደስ አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ በር ላይ ሰማኋቸው። ትልቋ ባል አልፈልግም አለች እየተባባሉ ነው። እስከ መግሪብ ቡታጅራ በሙሉ ይሰማዋል። አልፈልግም መቼ ወጣኝ? አትጠብቁኝ ነው ያልኩት። እፈልጋለሁ እኮ። ሮጬ ልነግራቸው ጫማዬን አጠለቅሁ።

ከነገርኳቸው ግን አባዬ መልሶ ታላቋ እያለች ሊል ነው።

ጫማዬን አወለቅሁ።