አርባ ደቂቃ ከአንድ ሰከንድ

ሆርንተን፣ ሊንከንሻየር
ሐሙስ፣ ጁላይ 18 ቀን 2019

ውድ ልጄ ሮዊና፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ጮክ ብዬ ለአባትሽ። ለአባትሽ ሳነብ «እማዬ፣ እባክሽ» የሚለውን ሁሉ ዘለልኩት፤ ስለዚህ በጣም አጭር ሆነ።

መልሱን ፍለጋ እንዳትደክሚ ከፊት ላስቀምጠው። ቤቱን አንሸጥም። አውስትራሊያ፣ አደሌድ መጥተን አንኖርም። ብስክሌቱንም አልተውም።

በብስክሌት ክለባችን ገጽ ላይ የወጣውን ፎቶዬን አይተሽ መደንገጥሽ ገባኝ። አፌ ተከፍቷል፣ ምራቄ አገጬ ላይ ነው፣ ከኋላዬ የጭነት መኪና አለ። አያምርም። አባትሽም በዚያው መንገድ ላይ ለሠላሳ ዓመት እንደዚያው ነበር የሚመስለው፤ ያኔ ግን ይተው ያለ ሰው አልነበረም። ሰባ ሞላሽ ትይኛለሽ። አውቃለሁ፤ ኬኩን የጋገርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ አንቺ ልጅ ሆነሽ ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ እያዛጋሽ ያየሽው ያው ነው። ረቡዕ አመሻሽ፣ ከመንገዱ ዳር ካለችው የመኪና ማቆሚያ ተነስቶ፣ አደባባዩን ዞሮ፣ መመለስ። አሥር ማይል። በየደቂቃው አንድ ሰው ይለቀቃል፤ ሁሉም ብቻውን ከሰዓት ጋር ይታገላል። እኔ እዚያ ጥግ ላይ ሰዓት እየያዝኩ ምን ያህል ዝናብ እንደበላሁ ታውቂያለሽ። አባትሽ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሐኪሙ ብስክሌት ሲከለክለው፣ ብስክሌቱ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሎ ቀረ። አንድ ጠዋት አወረድኩት። ኮርቻውን ዝቅ አደረግኩ፣ የሰዓት ያዥነቱን ሥራ ለክለቡ ሰው ለኪት አስረከብኩ። ያን ሁሉ ዘመን ተወዳዳሪዎቹ ሲያቃስቱ የሰማኋቸው ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው። አባትሽ ለአንድ ሳምንት አኮረፈኝ። ብስክሌቱን ስለወሰድኩ ሳይሆን ኮርቻውን ስለነካሁ። ሌላ ሰው በእሱ መንገድ ሲሄድ አላይም ብሎ ወደዚያ ጥግ መምጣትም ተወ።

አሁን ወደ ጁሊያን ልምጣ። ጁሊያን ከለንደን የመጣው አዲሱ የክለቡ ጸሐፊ ነው። ፈጣን ነው፤ አልዋሽም። የራስ መከላከያው ከኋላ ሾጠጥ ያለች ናት፣ እንቁላል የዋጠ ይመስላል። በጁን ስብሰባ ላይ አንድ ደንብ አመጣ። እስከ ጁላይ አጋማሽ ድረስ አሥሩን ማይል በአርባ ደቂቃ ውስጥ ያልጨረሰ፣ ከዚያ ወዲያ የጀርባ ቁጥር አይሰጠውም። አደባባዩ ላይ ባንዲራ ይዘው የሚቆሙት ሰዎች ዘገምተኛ ሲጠብቁ ብርድ ይመታቸዋል አለ።

«ቴልማ፣ ነገሩ እርስዎን አይመለከትም» አለኝ። «የደህንነት ጉዳይ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ከአርባ ደቂቃ በላይ የሚፈጅባት አንዷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሻይ እየቀዳች ነበር።

«የማይመለከተኝ ከሆነ፣ ስታወራ ለምን እኔን ታያለህ?» አልኩት። የሳቁ ሰዎች ነበሩ። ለደንቡ ድምፅ ሲሰጥ ግን የሳቁትም እጃቸውን አወጡ።

ስለዚህ ሥራዬን ጀመርኩ። በየጠዋቱ ወጣሁ። ወደ አርባ ጠጋ አልኩ፤ ግን አልገባሁም። የቀረኝ ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ብቻ ነበር። በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጁሊያን ደወለ።

«ኪት ዓይኑን ሊታከም ሆስፒታል ገብቷል» አለ። «ሰዓት የመያዝ ፈቃድ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዛሬ ካልያዙልን ውድድሩ ይሰረዛል። ስንት ሰው ይጠብቃል፣ ቴልማ።»

ድምፁ ቅቤ ነበር። ሰዓቱን ብይዝ አልወዳደርም፤ ባልይዝ ማንም አይወዳደርም። በሁለቱም በኩል የመጨረሻው ዕድሌ ያልፋል። ተንኮል ይሁን አጋጣሚ አላውቅም፤ ደስ ማለቱን ግን ሰምቻለሁ።

ስልኩን ዘጋሁና አባትሽ ጋ ገባሁ። ሬዲዮ እየሰማ ነበር።

«ፈቃድህ አሁንም ይሠራል?»

«የምን ፈቃድ?»

«የሰዓት ያዥነት።»

«አይሠራም ያለኝ የለም።»

«እንግዲያው ልበስ።»

«ቴልማ፣ እዚያ ቦታ እግሬ አይረግጥም ብያለሁ።»

«እግርህን ማን ፈለገው? አውራ ጣትህን ነው የምፈልገው።»

 ልተወው ስል ክራባት አስሮ ወጣ።

ስንደርስ ጁሊያን ብስክሌቴን ከመኪናው ሳወርድ አይቶ መጣ። አባትሽን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ኔቪል! እንዴት ነዎት? ጤናዎስ?»

«አልሞትኩም» አለ አባትሽ። «ወንበሬን ዘርጋልኝና ሂድ፣ ተሰለፍ።»

ዘረጋለት።

የምለቀቀው መጀመሪያ ነበር፤ ዘገምተኛ ይቀድማል። ከኋላ ኮርቻውን ደግፎ የሚይዘን ሮይስተን ነው፣ ያ አውቶቡስ ይነዳ የነበረው። እጁ እንደ አካፋ ነው። ሁለቱም እግሮቼ ፔዳል ላይ ታስረዋል፤ እሱ ካልያዘኝ እወድቃለሁ። የእሱ ሥራ መልቀቅ ብቻ ነው፤ መግፋት ክልክል ነው።

ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ። «ቴልማ፣ ትንሽ ልግፋሽ? የሚያይ የለም።»

«ብትገፋኝ ተመልሼ እረግጥሃለሁ።»

«ሮይስተን!» አለ አባትሽ ቀና ሳይል። «ዓይኔ እጅህ ላይ ነው። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሂጂ።»

«ሂጂ» ሲል ድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም። ለሌላውም እንደዚያው ነው የሚለው።

ስሄድ ነፋሱ ከኋላዬ ነበር። ሌሎቹ አንድ በአንድ አለፉኝ፤ ጁሊያን ሲያልፈኝ ጎማው እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። አደባባዩ ላይ የሮይስተን ሚስት ዶት ባንዲራዋን እያውለበለበች «አንቺ! ቀጥቅጪው!» ብላ ጮኸችብኝ። ብርድ የመታት አትመስልም።

ስመለስ ነፋሱ ደረቴን መታኝ። ያኔ ነው ከእርሻው በር አተር የጫነ ትራክተር የወጣው፣ ልክ ፊቴ። ተሳቢው የቤት ግድግዳ ያህላል። ነፋሱ በአንዴ ጠፋ። ከኋላው ተጠግቼ ብከተለው እስከ መጨረሻው መስመር እየተጎተትኩ እገባ ነበር፤ አርባን ሳይሆን ሠላሳ ስምንትን አየው ነበር። ግን ከነፋስ በሌላ ተከልሎ መጓዝ ክልክል ነው፤ ከለላው የሰውም ይሁን የትራክተር። ፊቴም ኋላዬም የሚያየኝ ማንም አልነበረም።

ፍሬን ያዝኩ። አዎ፣ ፍሬን፣ በውድድር መሀል። እስኪርቅ ድረስ በራሴ ነፋስ ውስጥ ቆየሁ።

አንቺ አሁን «እናቴ አብዳለች» እያልሽ ነው። ሠላሳ ዓመት ለሌሎች ሰዓት ስይዝ ኖሬ ራሴ ስወጣ የምሰርቅ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ ብስክሌቱን ባላወርደው ይሻል ነበር። ይኸው ነው።

መስመሩን አልፌ ሣሩ ላይ ተጋደምኩ። ሰማዩ ይዞራል። ቀድመው የገቡት ከበውኝ ነበር። ሁሉም አባትሽን ያያሉ። እሱ መነጽሩን ጠረገ፣ ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«አርባ ደቂቃ ከአንድ ሰከንድ» አለ።

ጁሊያን ነው ቀድሞ የተናገረው። ሰው ሁሉ እያየው ስለሆነ ይሁን ከልቡ አላውቅም፣ አባትሽ ትከሻ ላይ አጎንብሶ ሰዓቱን ተመለከተ። «ኔቪል፣ እዚህ ላይ እኮ አርባ ደቂቃ ከሰከንድ ሦስት አሥረኛ ነው የሚለው። አርባ ብንለው ማንም አይቃወምም።»

«እኔ እቃወማለሁ» አለ አባትሽ። «ከሰከንድ የተረፈ ቅንጣት ሙሉ ሰከንድ ነው። አንተ ሳትወለድም ሙሉ ሰከንድ ነበር።»

«ሚስትዎ እኮ ናት!» አለ ሮይስተን። አባትሽን አንተ የሚለው ሰው፣ ሲናደድ አንቱ ይለዋል።

«ስሟን አውቀዋለሁ» አለ አባትሽ። «አርባ ከአንድ።»

ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ያችን ሰከንድ ቢሰጠኝ ኖሮ በጎማ መንፊያው ጭንቅላቱን እለው ነበር።

በመኪና ስንመለስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ስናልፍ፣ «ከአንቺ በፊት አንድ ትራክተር አለፈ» አለ።

«አይቼዋለሁ።»

«ምን ያህል ርቀሽ ነበር?»

«ብዙ።»

«በራስሽ ፈቃድ?»

«ፍሬን ይዤ።»

ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ዓመት አልፎታል። ሳቁ አልቆም ስላለው መኪናውን ጥግ አስይዤ ምላሱ ሥር የልቡን መድኃኒት ረጨሁለት፤ ከንፈሩ ቀለሙ እስኪመለስ ትንሽ ቆየን። «ፍሬን!» ይላል አሁንም ትንፋሹ ሳይመለስ። «ፍሬን፣ ሴትዮ!»

ይህ ያለፈው ሳምንት ነው። በደንቡ መሠረት ነገሩ እዚያ አበቃ። ትናንት ግን ረቡዕ ነበር፣ ኪትም ገና አልዳነም፤ አባትሽን መውሰድ ነበረብኝ። ስለዚህ ብስክሌቱንም ጫንኩ።

ሁሉም ከተለቀቁ በኋላ፣ ባዶ ጀርባዬን ይዤ መስመሩ ላይ ቆምኩ። ጁሊያን ትናንት አልተወዳደረም፤ ጉልበቱን አሞት ወረቀት ይዞ ቆሞ ነበር።

«ቴልማ፣ ስምዎ እዚህ ላይ የለም» አለ።

«መንገዱ የክለቡ ነው?»

«አይደለም፣ ግን...»

«እንግዲያው ልሂድበት።»

ሮይስተን መጥቶ ኮርቻዬን ያዘ። ጁሊያን አየው። «እኔ አንዲት አሮጊት እንዳትወድቅ ነው የያዝኩት» አለ ሮይስተን። «ይህም በደንብ ተከለከለ?»

አሮጊት ስላለኝ በኋላ እንነጋገራለን።

አባትሽን ዞር ብዬ አየሁት። ሰዓቱን ኪሱ ከቶ ነበር። «ቁጥር የሌለውን አልይዝም» አለኝ።

«ማን ያዝልኝ አለህ? ቁጠርልኝ ብቻ።»

«አልቆጥርም።»

«ሮይስተን፣ ልቀቀኝ» አልኩ፣ ለቀቀኝ።

እንደ ትናንቱ ሄጄ አላውቅም። ፈጣን ነበርኩ እያልኩሽ አይደለም፤ ማንም አልያዘውም፣ እኔም ሰዓት አላሰርኩም። ዶት አደባባዩ ላይ ነበረች። ማንም ቆዪ አላላትም፤ ባንዲራዋን ይዛ፣ ሣር ላይ ተቀምጣ ሳንድዊች እየበላች ጠበቀችኝ። «ምነው አረፈድሽ!» አለች።

ስመለስ የጨረሱት ሄደው ይሆናል ብዬ ነበር። የሄዱም አሉ። ሰባት ስምንት የሚሆኑት ግን ሻይ ይዘው ቆመዋል፤ ጁሊያንም አለ። አባትሽ ወንበሩን አጥፎ፣ መኪናው ላይ ተደግፎ፣ ልክ መስመሩ ትይዩ ቆሟል። መስመሩን የሚያልፍ ሁሉ ሰዓት ያዡ እንዲሰማው ቁጥሩን ይጮሃል። እኔ ቁጥር የለኝም። ስሜን ጮህኩ። «ቴልማ ብራክንበሪ!» ብዬ፣ ሳምባዬ እስኪቀደድ።

«አትጩኺ» አለ አባትሽ። «አልደነቆርኩም።»

ጁሊያን ብስክሌቴን ከሣሩ አንስቶ ወደ መኪናው ወሰደልኝ። «በሚቀጥለው ሳምንትም ይመጣሉ?» አለ።

«በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ የለም?» አልኩት።

እንግዲህ ያለሁት እንደዚህ ነው። እንዳልወጣ ከፈለጉ ሌላ ስብሰባ ይጥሩ፣ እኔም ሻይ እቀዳላቸዋለሁ፤ ረቡዕ ግን እወጣለሁ። አንቺም ከዚያ ሆነሽ አትከልክይኝ። አባትሽ ብቻውን ይሆናል ብለሽ እንዳትሰጊ፤ ረቡዕ ረቡዕ ከእኔ ጋር ነው።

አባትሽ ደህና ነው። አልጋውን ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል አወረድነው፤ ደረጃው ሰለቸኝ አለ። ክራባቱን እንዳይጨማደድ ወንበር ላይ ዘርግቶ ይተኛል። ሰኞ ሐኪሙ ጋ ሄደን ነበር። አባትሽን ውጭ አስቀምጦ እኔን ለብቻዬ አናገረኝ፤ ብዙ ጊዜ ሰጠኝ፣ ደግ ሰው ነው። ያለውን በደብዳቤ አልጽፈውም።

ለገና እንመጣለን ብለሻል። ገና ጥሩ ነው፤ ግን ቀኑ አጭር ነው፣ መንገዱም ያዳልጣል። ሴፕቴምበር ይሻላል። የመጨረሻው ውድድር ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ለአደባባዩ ሁልጊዜ ሰው ያንሰናል፣ ባንዲራ እሰጥሻለሁ። ሻንጣ አሸክመሽ ልትወስጂን እንዳትመጪ እንጂ፣ ከፈለግሽ ኦገስትም ጥሩ ነው። ከዚያ ቀደም ቢልም ችግር የለውም። የላይኛው ክፍል አልጋሽን ዛሬ ጠዋት አንጥፌዋለሁ።

ጤናና ሰላም ከአንቺም ከቤትሽም አይራቅ። ግሬግን ሰላም በይልኝ፤ ሁለቱን ትንንሾች ከአያታቸውም ከእኔም ደጋግመሽ ሳሚልኝ።

እናትሽ
ቴልማ