በሰም ላይ የቀረ አውራ ጣት

ጎንደር፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ዕንባቆም፣

«ውድ» ያልሁህ በሁለተኛው ትርጉሙ ነው፤ ብዙ አስከፍለኸኛል። የመጀመሪያውን ትርጉም ድሮ በየመልእክቴ አናት ላይ ስጽፍልህ ኖሬአለሁ። እሱን ከሌላው ከወሰድኸው ጋር አስቀምጠው።

በድምፅ የላክህልኝን ሰማሁት። «እስኩዬ፣ ምን አካበድሽው? ፋይል እኮ ነው። መስቀሉ እዚያው ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ምን ጎደለባችሁ?» ትላለህ። ከጀርባህ ሰዎች ይስቃሉ፤ ብርጭቆ ይጋጫል።

ምን እንደ ጎደለብን ልንገርህ። ግማሹን ታውቀዋለህ፤ ግን የምታውቀውን መርሳት ስለቻልህበት ከመጀመሪያው እጀምርልሃለሁ።

የደብራችን የእጅ መስቀል የወይራ ነው። ስንት ዘመን እንደሆነው መሪጌታ አባቴም አያውቅም። ነቀዝ ውስጥ ውስጡን በልቶት የቀኝ ክንዱ ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን ሊያሳልፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ምእመን በተሳለመው ቁጥር ዱቄት ይረግፋል። «እንቅረጸውና አሮጌው ይረፍ» ያልሁት እኔ ነኝ። ሰበካ ጉባኤው ሦስት ሳምንት ተከራክሮ ፈቀደ፤ በሁለት ቃል። ብረት እንዳይጨብጠው። ምትኩም አንድ ብቻ እንዲሆን፤ ሁለተኛ እንዳይቀረጽ። ከዕቃ ቤቱ ሁለት ቁልፎች አንዱን የያዘው አባቴ ነበርና ተነሥቶ «ከአንድ ቢያልፍ በእኔ ይሁን» አለ። አንተ ከኋላዬ ቆመህ ነበር። «አሜን» ስትል ሰምቼሃለሁ።

አዘዞ፣ አያ አድማሴ የእንጨት ሥራ ቤት የገባንበትን ቀን አስታውስ። ከመቅረጫው ማሽን ላይ መቁረጫውን ፈትቼ በቦታው ፕሮቡን አሰርሁ፤ ጫፉ ላይ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ኳስ ያለችው መዳሰሻ መርፌ። ብረት አይጨብጠው ተብሏልና ማሰሪያውን ትቼ መስቀሉን በእርጥብ ሸክላ ላይ በተነጠፈ ጨርቅ አስተኛሁት። መርፌዋ ትወርዳለች፣ ትነካለች፣ ኮምፒውተሩ ከፍታውን ይመዘግባል፣ ትነሣለች፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ትራመዳለች፣ ደግሞ ትወርዳለች። አባቴ ድምፁን አሰምቶ ሲደግመው የነበረውን ዳዊት አጥፎ ሲያያት ቆየና፣

«ይህችስ ቶማስ ናት» አለ። «ካልዳሰስሁ አላምንም የምትል።»

«መሪጌታ፣ ቶማስስ አንዴ ዳስሶ አመነ» አለ አያ አድማሴ። «ይህች ስንት ጊዜ ነው የምትጠራጠር?»

ከሦስት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ተጠራጠረች። ዐሥራ ስምንት ቀን። መብራት በሄደ ቁጥር ካቆምንበት እንጀምራለን። በር በኃይል የሚዘጋ ሰው ቢመጣ ልገድለው ስለምችል አያ አድማሴ በሩን ነቅሎ ግድግዳ ላይ አስደገፈው። መርፌዋ ስትወርድ ትንፋሼን እይዝ ነበር። እኔ ነኝ የያዝሁት፣ ዕንባቆም። አንተ ፎቶ ታነሣ ነበር።

በሰባተኛው ቀን አልነበርህም። ለእኅትህ ሠርግ ኮላ ድባ ወርደሃል። የቀኝ ክንዱ ላይ ስንደርስ መርፌዋ በነካችው ቁጥር እንጨቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማሽኑን አቆምሁ። አባቴ ከያዘው ጧፍ ቆርሼ ሰሙን በመዳፌ አለሰለስሁና ክንዱ ሥር ባለው የነቀዝ ጉድጓድ ውስጥ በአውራ ጣቴ ተጫንሁት። ክንዱ ረጋ። የጣቴ ጉድጓድ ግን ሰሙ ላይ ቀረ፤ መርፌዋም ሄዳ እሱንም ዳሰሰችው። ቶማስ የእንጨቱንና የሰሙን አይለይም። በኋላ ከኮምፒውተሩ ላይ አጸዳዋለሁ ብዬ ተውሁት።

የትኛው አውራ ጣቴ እንደሆነ ታውቃለህ። አምና አያ አድማሴ ዘንድ መጋዝ ሲያመልጠኝ የነከሰኝ የግራው ነው። በመሐረብህ ያሰርኸው አንተ ነህ። «ሦስት ጥርስ ነው የነከሰሽ፤ ሸጋ አድርጎ ደርድሮታል» ብለህ አሳቅኸኝ። ደሜ እየፈሰሰ ሳቅሁ። አንተን መውደዴን ለራሴ ያመንሁት ያን ቀን ነበር። ይህን በቃል ነግሬህ አላውቅም፤ ዛሬ የምነግርህ እንዲጸጽትህ ነው።

ሥራው ሲያልቅ «ደክሞሻል፣ ሁለት ቀን ተኚ» አልኸኝ። ተኛሁ። ስነሣ አንተም የለህም፣ ፋይሉም የለም። ከኮምፒውተሩ አጥፍተኸዋል። መቅዳቱ አይበቃህም ነበር? ምነው ማጥፋቱ? ስልክህ ለሦስት ሳምንት አልተነሣም፤ እኔም ለሦስት ሳምንት፣ ሞኝ ነኝና፣ አደጋ ደርሶበት ይሆን ብዬ ሳለቅስ ከረምሁ።

በጥምቀት ማግሥት ቄሰ ገበዝ መልካሙ ከደብራችን መስቀል የተቀዱ ሰባት መስቀሎች በአንድ ገመድ አንጠልጥለው ቤታችን ገቡ። ከመንገድ ዳር ሻጭ የቀሙት ነው። ሌላኛውን የዕቃ ቤት ቁልፍ የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት አብረው ቆመዋል። አልተቀመጡም።

«መሪጌታ፣ ቁልፉን» አሉ።

አባቴ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ሰጣቸው። «በእኔ ይሁን» ብሎ ነበር፤ ሆነ። ከዚያ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ሌላ ጉባኤ ሄዱ። «ቅርስ ሻጯ» የሚለው ስም እስከ ማራኪ ሰፈር ተከትሎኝ መጣ። በሥራ ቤቱ ዐሥራ ስምንት ቀን ዳዊት ሲደግም ድምፁ ያልተቋረጠው አባቴ፣ ሁለት ወር ሙሉ ዳዊቱን በልቡ አነበበ። የጎደለብን ይህ ነው። መስቀሉማ እዚያው አለ።

ከዚያ ቴሌቪዥን ላይ ወጣህ።

አንድ ሆቴል በሩን በዚያው በመስቀላችን ንድፍ አስቀርጾህ፣ አንተ ነጭ በነጭ ለብሰህ፣ «ንድፉን ከአባቶች ጥበብ ተነሥቼ በእጄ የፈጠርሁት ነው» ስትል ቤታችን ተቀምጠን አየንህ። ጋዜጠኛዋ ጣቷን በሩ ላይ አሳርፋ «ይቺ ክብ ጉድጓድና ውስጧ ያሉት ሦስት መስመሮችስ?» አለችህ።

አላወቅኸውም! በገዛ መሐረብህ ያሰርኸውን አላወቅኸውም። ከዚያ እጆችህን አጋጥመህ፣ ድምፅህን እንደ ሊቅ ዝቅ አድርገህ፣ «ሦስቱ መስመሮች የሦስትነት ምሳሌ ናቸው፤ ክቧ ደግሞ የአንድነት። የጥንት ጠራቢዎች ምሥጢር ነው» አልህ።

እኔ ጣቴን አየሁ። አባቴ እኔን አየኝ። ስለ ሰሙ ያውቅ ነበርና ከትከት ብሎ ሳቀ፤ ከጥምቀት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ። «ልጄ፣ በመጋዝ ንክሻሽ ምሥጢረ ሥላሴን ተረጎመው!» አለ። ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። «ይህስ በፈጣሪ መቀለድ ነው። ተነሽ፣ ሰበካ ጉባኤ ሂጂ።»

ሄድሁ። ከሰባቱ መስቀሎች አንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ጧፍ ለመንሁ፣ ሰሙን በመዳፌ አለሰለስሁ፣ አውራ ጣቴን ተጫንሁና ከመስቀሉ አጠገብ አኖርሁት።

«ዓይኔ ሞራ ለብሷል፣ ምን አየሁ ልበልሽ?» አሉ ቄሰ ገበዝ በቁጣ።

«አባቴ፣ ማየት አያስፈልግም። ይዳስሱት።»

ጣታቸውን መስቀሉ ላይ አሳረፉ፤ ክንዱ ሥር ያለውን ጉድጓድ አገኙት። ከዚያ ሰሙን። ደግሞ መስቀሉን። ደግሞ ሰሙን። እኔም በሥራ ቤቱ እንዳደረግሁት ትንፋሼን ያዝሁ። በመጨረሻ እጄን ያዙና ጠባሳውን ራሱን በጣታቸው ቆጠሩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«እሱ በእጄ ፈጠርሁት አለ?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ። በአገር ሁሉ ፊት፤ መስመሮቹንም የሦስትነት ምሳሌ ናቸው ብሎ ተረጎማቸው።»

«አንቺ ሸጠሽለት ቢሆን የጣትሽን ጠባሳ የሦስትነት ምሳሌ አይለውም ነበር። ምልክትሽን ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ነው የወሰደው።» ቀና አሉ። «ሰርቆሻል።»

ቁልፉን በማግሥቱ ራሳቸው ይዘው መጡ። በዚህኛው ጊዜ ግን ተቀመጡ። አባቴ «በሉ፣ ቄሰ ገበዝ፣ ውኃ ይጠጡ» አለ። ይቅርታቸው ይኸው ነበር። ለአንተ እንዲህ ያለ ውኃ የለኝም።

አሁን የምፈልገውን ስማ። ፋይሉን ታጠፋለህ፤ ማጥፋት ታውቅበታለህ። ከዚያ ያችው ጋዜጠኛ ፊት ትቆምና የማን ጣት እንደሆነ ትናገራለህ። እስከ ትንሣኤ ድረስ እጠብቃለሁ። ካልተናገርህ የግራ እጄን ይዤ እዚያው ሆቴል በር ላይ እቆማለሁ፤ የሚገባውን ሰው ሁሉ «ይዳስሱ» እያልሁ። እንደማደርገው ታውቃለህ።

እኔ ሰኞ ከአንድ እጀምራለሁ። ሰበካ ጉባኤው በዚያው በሁለት ቃል እንደገና ፈቅዶልኛል። አያ አድማሴ በሩን ነቅሎ ይጠብቀኛል። ዐሥራ ስምንት ቀን፣ ሦስት መቶ ሺህ ጊዜ። በዚህኛው የሰሙን አሻራ ከፋይሉ ላይ አጸዳዋለሁ፤ ምእመን የሚሳለመው መስቀሉን እንጂ የእኔን ጣት አይደለምና። የአንተው ግን እንዳለ ይቅር። የሆቴሉን በር ገፍተህ በከፈትህ ቁጥር መዳፍህ ሥር እኔ ነኝ።

የቅኔ መምህሩን የአባቴን ደጃፍ ስትመላለስ አንዲት ነገር እንኳ ሳትይዝ ቀረህ፣ ዕንባቆም? ወርቁን ይዤ ሄድሁ ብለህ፣ ሰሙን ተሸክመህ ሄድህ።

እስከዳር ሐብተ ማርያም
የሦስቱ መስመሮች ባለቤት