ሐምራዊው ውሃ እና የአባዬ ቀኝ ዓይን

ሰኞ

ወረደ! መብራቱን ሳበራ የፒኤች መለኪያው ቁጥር ቀስ እያለ ወረደ፤ ሳጠፋው ተመለሰ። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ገልገሎ እንኳን ቀልዱን ትቶ አፍጥጦ ቀረ። ገልገሎ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው፤ ጨዋማውን ውሃ ሜጋ ከተማ አካባቢ ካለው ሐይቅ ያመጣልኝም እሱ ነው። በውሃው ውስጥ ያሳደግኳቸው ጥቃቅን ሕዋሳት ሽፋናቸው ላይ ባክቴሪዮሮዶፕሲን የሚባል ሐምራዊ ፕሮቲን አላቸው። ብርሃን ሲያገኘው የሃይድሮጅን አዮን ወደ ውጭ ይገፋል፤ የውሃው አሲድነት ሲጨምር ቁጥሩ ይወርዳል። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ የሚያስፈልገኝ ይኸው ነበር።

እራት ላይ አፌ አላርፍ አለ። የዚህ ፕሮቲን ዘመዶች ውጭ አገር ቤተ ሙከራ ውስጥ ነርቭን በብርሃን ለማዘዝ እንደሚያገለግሉ፣ በዓይነ ስውራን ዓይን ላይም እየተሞከሩ እንደሆነ ለአባዬ ነገርኳቸው። የአባዬ ግራ ዓይን በዓይን ግፊት ሕመም ጠፍቷል። ቀኙን በጠብታ መድኃኒት ነው ያቆየነው። መብላታቸውን አቁመው ሰሙኝ።

ማክሰኞ

ትምህርት ቤት መብራት የለም። ጠርሙሶቹን ቤት አምጥቼ ብርሃን እንዲያገኙ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው።

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ለእናታቸው ዓይን ትንሽ ቅጂልኝ ብለው ብልቃጥ ይዘው መጡ። አባዬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አውርተዋል ለካ! ጨው ነው፣ ያቃጥላል አልኳቸው። ጠበልም ያቃጥላል አሉኝ። ቅር እያላቸው ሄዱ።

አባዬን ተቆጣሁ። ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱን ያናጉት ነበር። ዛሬ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጠርሙሶቹን ያዩ ጀመር። አስተያየታቸው አላማረኝም።

ረቡዕ

ከሥራ ስገባ አባዬ ቀኝ ዓይናቸውን በፎጣ ይዘው ተኝተዋል። አቧራ ነው አሉ። የመድኃኒቱን ብልቃጥ አንስቼ መዳፌ ላይ ጠብ ባደርገው ሐምራዊ ነው። መድኃኒቱን ደፍተው የእኔን ውሃ ሞልተውበታል።

በንጹሕ ውሃ አጠብኩ፣ አጠብኩ። ገልገሎን ጠራሁት። ገብቶ «ናጋ?» ሲል በኦሮምኛ ሰላም ነው ወይ ቢላቸው ዓይናቸውን እንደያዙ «ናጋ» ብለው መለሱለት። በሞተር ሳይክሉ ሆስፒታል አደረሰን፤ እኔ ከኋላ ደግፌያቸው።

ሐኪሟ የተላጠው የዓይናቸው ላይኛው ሽፋን ይድናል አለች። ያስፈራት ግፊቱ ነው። ጠብታው ከተቋረጠ የቀረችውም ብርሃን ልትጠፋ ትችላለች። እዚህ ነገሌ ከተማ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ሁሉ አዳረስን፣ የለም። እስኪገኝ የሚዋጥ ክኒን ሰጠችን።

ሐሙስ

የገልገሎ እህት መድኃኒቱን ሐዋሳ አግኝታ በአውቶብስ ልካዋለች። አውቶብሱ ግን አልመጣም። መናኸሪያ ተመላለስኩ። ተማሪዎቼ ላይ ያለ ጥፋታቸው ጮህኩ። ጠርሙሶቹን ትምህርት ቤት መልሼ ቆለፍኩባቸው።

አባዬ ዓይናቸው በፋሻ ታሽጎ ተቀምጠዋል።

«የነገርሽኝ ውሸት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው አባዬ። ለአንቱ ግን አልደረሰም።»

«ይደርሳል?»

ለመዋሸት ትንሽ ነበር የቀረኝ። «የሚደርስ አይመስለኝም» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምነው ሰኞ ማታ አፌን በቆረጠው።

አርብ

መድኃኒቱ ጠዋት ደረሰ። ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ እሽጉን ስታነሳ እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜያለሁ። አባዬ ዓይናቸውን ደጋግመው ጨፈን ገለጥ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰማያዊ ነው የለበስሽው?»

የለበስኩት አረንጓዴ ነው። ሐኪሟ እሺ በያቸው በሚል ዓይነት ጠቀሰችኝ።

«አረንጓዴ ነው አባዬ።»

እጅጌዬን ዳሰስ አደረጉ። «እንግዲህ ሁልጊዜ እንዲህ ንገሪኝ» አሉ።

ምን ያህል እንደተረፈ ለማወቅ ገና ነው ትላለች ሐኪሟ። ቤት ስንገባ አባዬ ጠብታውን አውጥተው ሰጡኝ። እስከ ዛሬ ሰው አያስነኩም ነበር። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ጠበቁኝ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጉንጫቸው ላይ ወረደች። ደገምኩላቸው።