ደረቴ ላይ የቀረው ስሜ

ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ? እኛ አለን፤ የጎደለን ያንተ ሳቅ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቀጣሪ ድርጅቶች ግቢያችን መጥተው ነበር። አካውንቲንግ የምንማር ሁሉ ኮትና ጫማ ተዋውሰን፣ ሲቪያችንን ታቅፈን እንደ ሚዜ ተደረደርን። በር ላይ የእያንዳንዳችንን ስም ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈው ደረታችን ላይ ለጠፉልን። አንዲት የኦዲት ድርጅት ኃላፊ ወደደችኝ መሰለኝ፣ "ሌላ ከተማ ያሉ ቅርንጫፎች እየዞርሽ ትሠሪያለሽ?" አለችኝ።

"ማታ ማታ ቤቴ የምገባበት ሥራ የላችሁም?" አልኳት።

"ገና ሳትቀጠሪ ቤት ናፈቀሽ?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ጓደኞቼ ግን ሲሳይሽን በእግርሽ ገፋሽ ብለው ተቆጡኝ።

እማዬ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትጫወታለች። ትምህርት ቤት ስውል ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን እኛ ቤት አምጥታ አብራት ትሠራለች። ያን ዕለት ወረቀቱን ሳላነሳ ቤት ገባሁ። እማዬ ደረቴን ትክ ብላ አየችና ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያ በስሜ ጠርታ፣ "መጣሽልኝ?" አለችኝ።

ደስ ስላለኝ አላነሳሁትም። ጠርዙ መላቀቅ ሲጀምር በፕላስተር አጣበቅኩት። ይህን ስጽፍልህም ደረቴ ላይ ነው።

በል እንግዲህ፣ በሰላም ውለህ በሰላም ግባ፤ እኛን አታስብ። እሁድ ስትደውል ግን እንደ ድሮው "ማን ነኝ?" እያልክ አትቀልድባት። ስምህን ቀድመህ ንገራት።

እህትህ