ከጥዱ ሥር ያገኘሁት በርጩማ

እምዬ፣

ከተለየሽን ወዲህ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። የቁሐር ሜዳ እንደ ልማዱ ውሃ ተኝቶበታል፤ ሩዙ ራሱን ብቅ አድርጓል። ቤታችን ጉብታው ላይ ስለሆነ ደኅና ነን ልልሽ ነበር። አልቻልኩም። ፈርቻለሁ።

የምፈራው ለአባባ ነው። ደረታቸው ማፏጨት ጀምሯል፤ ልክ እንዳንቺ። ስጠይቃቸው «ብርድ ነው ልጄ፣ ያልፋል» ይሉኛል። ያንቺን ቃል እንኳ አልቀየሩትም።

ጥድሽ አድጓል። ፊደል ቆጠራ የጀመርኩ ዕለት ከሚካኤል አጸድ ችግኙን ለምነሽ ስትተክዪው ከእኔ ያጥር ነበር። ጉንፋን ሲይዘን ቅጠሉን አፍልተሽ፣ ጋቢ አከናንበሽ ታጥኚን ነበር። ሙቀቱን ሸሽቼ ራሴን ላወጣ ስል በጋቢው ላይ ኮርኮም አድርገሽኝ፣ «ግቢ አንቺ ቀበጥ፣ ገና አልበሰልሽም!» ትዪኝ ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት አባባን እንደምን አደሩ ከማለቴ በፊት ጥዱን አያለሁ። እሳቸው ይደብቃሉ፤ ዛፉ አይደብቅም። እኔ ወጣ ስል ቅጠሉን መልምለው ብቻቸውን ይታጠናሉ። መጀመሪያ ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ተራቆተ። ከዚያ እስከ ወገብ፣ ከዚያ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ባዶ ሆነ። ባለፈው ከገበያ ስመለስ ደግሞ ከሥሩ በርጩማ አገኘሁ፤ አንድ እግሩ ጭቃው ውስጥ ሰምጦ ዘመም ብሏል። እምዬ፣ ያ የደከመ ጉልበት፣ ያ ያጠረ ትንፋሽ፣ እዚያ በርጩማ ላይ!

ባሕር ዳር ለሥራ ፈተና ጠርተውኛል። ከተመረቅሁ ጀምሮ እግሬ አንድ ቦታ አልቆም ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ከአጥሩ መውጣት ፈራሁ። ስመለስ ፉጨቱ ቆሞ ባገኘውስ?

ትናንት ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ቅጠሉ ጉንፋን ያቀል ይሆናል፣ ይህን ግን ሐኪም ይየው አልኩ። እሳቸው ግን፣ «ለመዳን ብዬ መሰለሽ የምታጠነው? ሽታው እናትሽን ያመጣልኛል» አሉ።

በርጩማው ላይ ወጥቼ አንዲት ዘለላ ቀነጠስኩና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ከእኛ ጋር ሐኪም ቤት ትሂድ አልኳቸው። «ሐኪሙ ‹ፍየል ነው እንዴ ያመጣሽው?› ይልሻል» ብለው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ሳሉ ሲበርድ ግን እሺ አሉኝ። ነገ በማለዳ፣ ውሃው መንገዱን ሳይቆርጠው፣ ወረታ እንሄዳለን።

ምን እንደሚሉን አላውቅም። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ጆሮዬ እሳቸው ደረት ላይ ነው። በርጩማውን ደብቄዋለሁ። የጥዱ ጫፍ፣ እጃቸው ያልደረሰበት፣ አሁንም አረንጓዴ ነው። እሱን ያንቺ ብዬዋለሁ፤ እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም። ከወረታ ስንመለስ፣ ሁለታችንም ስንመለስ፣ ገና ከበሩ ቀና ብዬ እሱን አያለሁ።

ቀበጧ ልጅሽ