መጠጥ ቤቱ ሳይነካ የተዛወረው የትምህርት ቤታችን በር

ለክቡር የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ያን ሁሉ ጉድጓድ ችሎ እኛ ዘንድ ላደረሰዎ የመሥሪያ ቤት መኪና የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ወንዙ ዳር ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የማስተምር፣ እዚያው ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ልጅ ያለችኝ አባት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ውለታዎ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ተከድኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ ታዳጊዎችን ከመጠጥ ለመጠበቅ ሲል፣ ማንኛውም መጠጥ ቤት ከትምህርት ቤት በር ቢያንስ ሁለት መቶ ሜትር እንዲርቅ መመሪያ ባወጣ ጊዜ እሰየው ብለን ነበር። ተማሪዎች “ጋሼ አረፋ” የሚሏቸው ጎረቤታችን ከእኛ ጋር አንድ አጥር ይጋራሉ፤ የመጠጥ ቤታቸውም በር ከበራችን ጎን ነበርና፣ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ በክብር ልንሸኛቸው ተዘጋጀን። ኮሚቴዎ ግን መጣ፣ አየ፣ አሰበ፤ ከዚያም የትምህርት ቤቱን በር በድንጋይ አስደፍኖ በጀርባ በኩል አዲስ በር አስከፈተ። መጠጥ ቤት ማዛወር የሰው ጉሮሮ መዝጋት ነው፤ ትምህርት ቤት ግን ጉሮሮ የለውም። እኔ ይህ መላ ሳይታየኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መውጣቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ አለካክዎ። ኮሚቴዎ ርቀቱን የለካው በመኪና ቆጣሪ ነው፤ ከመጠጥ ቤቱ በር ተነስቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ዞሮ አዲሱ በር እስኪደርስ ሁለት መቶ ሜትሩ ሞልቶ ተርፏል። ልጆቻችን መኪና እንደሌላቸው በዕለቱ ማንም ትዝ አላለውም። በእግሩ የሚመጣ ሰው ግን፣ የመኪናው መንገድ ጠባብና በአንድ ወገኑ ገደል ስላለበት፣ ወደ አዲሱ በር የሚደርሰው በጋሼ አረፋ ግቢ፣ በጠረጴዛዎቹና በባዶ ጠርሙስ ሳጥኖቹ መካከል ሾልኮ ነው። ተማሪው ድሮ በመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ያልፍ ነበር፤ ዛሬ በመሐሉ ያልፋል። ይህን ዕድገት ያላለ ምቀኛ ብቻ ነው።

2ኛ. “ትውልዱን ከመጠጥ እንታደግ” የሚለውን ትልቅ ሸራ ተማሪው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ፣ ማለትም በመጠጥ ቤቱ ግቢ ስላሰቀሉልን። ከሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ ጠጪዎችን ስታስቸግር ኖራ ነበር፤ አሁን ሸራው ጥላ ሆኗቸው እስከ ማታ ይቀመጣሉ፣ ስምዎንም በበጎ ያነሳሉ።

3ኛ. ለቤተ ሙከራ ስንጠይቅ የኖርነውን በጀት ስላስቀሩልን። በቀደም ስለ ኤታኖል እያስተማርሁ፣ ሽታውን የሚያውቅ እጁን ያውጣ ብል፣ በክፍሉ ውስጥ ያልወጣ እጅ የእኔ ብቻ ሆነ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱማ “የጠርሙሱን ነው የድራፍቱን፣ ቲቸር?” ሲል በትሕትና ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ትክክለኛ ጥያቄ ከተማሪ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

4ኛ. ይህን እንደ ሌሎቹ እየሳቅሁ ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ዩኒፎርሟ ቢራ ቢራ እየሸተተ ወደ ቤት መጣች። መተላለፊያው ላይ የተቀመጠ፣ እኔን የሚያክል ሰው፣ እግሩን ዘርግቶ “ኬላ ነው፤ አንድ ጉንጭ ሳትቀምሺ አታልፊም” ብሏት ኖሯል። እርሷም ብርጭቆውን በሁለት እጇ በአክብሮት ተቀብላ ጭኑ ላይ ደፋችለት፤ የተረፈው እርሷው ላይ ተረጨ። ኮራሁባት፣ አልደብቅዎትም። ነገር ግን አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ እንደ እርሷ ደፋር አይደለችም፤ ኬላውን በየጠዋቱ እየከፈለች ታልፋለች፣ እኔ ክፍል ስገባም ዴስኳ ላይ ተደፍታ ተኝታ አገኛታለሁ። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ክቡር ሆይ። ስቀሰቅሳት ይቅርታ የምትጠይቀኝ እርሷ ናት።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፤ መጠጥ ቤቱን ያዛውሩ። ይህ ከከበደዎ፣ መጠጥ ቤቱን የሚያዛውር ሰው እስኪገኝ ድረስ በራችንን ይመልሱልን። እስከዚያው እኔ ከሰኞ ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍልን የማስተምረው ከተደፈነው በር ፊት፣ መንገዱ ላይ ነው፤ ሰሌዳችንን እርስዎ ባስካቡት ድንጋይ ላይ እንሰቅላለን። ወላጆች ወንበር እናመጣለን ብለዋል። አንዳንዶቹ መዶሻም እናመጣለን ሲሉ ሰምቼ፣ በመምህርነቴ ልከለክላቸው ሲገባኝ፣ የስንት ኪሎ ብዬ ጠይቄአለሁ።

በር ከማዛወር ወደ ተራራ ማዛወር እንዲያድጉ ከልብ በመመኘት፣ ከድንጋዩ ክምር ፊት ቆሜ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ የምነሳ፣

ታዛዥዎ
የኬሚስትሪው መምህር

ከሥር የተጨመረ፦ ኮሚቴዎ ውጤቱን ለማክበር በጋሼ አረፋ ግቢ ብርጭቆ ባጋጨበት ጠረጴዛ ላይ፣ የመሸፈኛ ላስቲኩ ያልተቀደደ ባለ ሃምሳ ሜትር የርቀት መለኪያ ረስቶ ሄዷል። ጋሼ አረፋ ታማኝ ሰው ናቸውና በልጄ እጅ ላኩልኝ። ልጄ ጫፉን ያን ዕለት እርስዎ ከተቀመጡበት ወንበር እግር ላይ ይዛልኝ እኔ እየዘረጋሁ ወደ አዲሱ በር ብሄድ፣ መለኪያው ሳያልቅ በሩ ደረሰ። ሊወስዱት ሲመጡ እባክዎ መኪናዎን መንገድ ላይ ትተው ልጆቹ በሚመጡበት ይምጡ። ኬላው ላይ አንድ ጉንጭ ካሉዎ፣ በሥራ ሰዓት አልጠጣም ይበሏቸው፤ ያን ዕለት በዚያ ጠረጴዛ ያላዩዎ ከሆኑ ያምኑዎታል።